በብረት ዱላ የተመታ ሥጋ

የቻውሻን የሥጋ ድብልብል ጥሩ መሆን አለመሆኑን ከመቅመስ በፊት በዓይን መለየት ይቻላል። አንዱን በቢላ ለሁለት ክፈሉና የተቆረጠውን ገጽ ወደ ብርሃን አዙሩት። የተፈጨ ሥጋ ቅንጣት አይታይበትም፤ የስብ ነጥብ የለበትም፤ የጅማት ክርም የሽንኩርት ፍርፋሪም አይገኝበትም። የሚታየው ወጥ የሆነ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ገጽ ነው፤ በላዩም በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበትነውበታል። በጣት ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል፤ ጣት ሲነሳ ወዲያው ይሞላል። ሲነከስ ጥርስን ለአፍታ ያህል ይገታና በአንዴ ይበጠሳል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተቀመጠው ጭማቂም ያኔ ይለቀቃል። ዳቦ አልገባበትም፤ እንቁላልም አልገባበትም። የበሬ ሥጋ፣ ጨው፣ ጥቂት ስታርችና ትንሽ የዓሣ ሶስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

በእስያ ብዙ ዓይነት የሥጋ ድብልብል ከኑድልስ ጋር ይበላል። እኔ ከሁሉ ይህኛውን የማስበልጠው ቅመሙ ስለሚያረካ አይደለም፤ ቅመም እንዲያውም የለውም ማለት ይቻላል። የምወደው ምንም መደበቂያ ስለሌለው ነው። ሠሪው ቸኩሎ እንደሆነ፣ ሥጋው ሞቆበት እንደሆነ፣ ውሃውን አፍልቶት እንደሆነ ሁሉም በዚያች በተቆረጠች ገጽ ላይ ይነበባል።

ቻውሻን በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ጫፍ ያለ የባሕር ዳር አካባቢ ነው፤ ቻውጆ፣ ሻንቶውና ጂየያንግ የተባሉትን ከተሞች ይይዛል። የአካባቢው ሰው ለበሬ ሥጋ ያለው ጥንቃቄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከብቱ መቼ እንደታረደ ይጠየቃል፤ ሥጋው በታረደ በሰዓታት ውስጥ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ብልት በስሙ ተለይቶ ይታዘዛል፤ በስሱ ተቆርጦም በሞቀ መረቅ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተነክሮ ይበላል። የድብልብሉን ሥራ ወደዚያ ያመጡት ከጎረቤት ተራራማ አገር የወረዱት የሃካ ሰዎች ናቸው ይባላል። ቻውሻኖች ግን የራሳቸው አድርገውታል፤ ዛሬ በመላው ቻይና የሚታወቀውም በእነሱ ስም ነው።

ለድብልብሉ የሚመረጠው የኋላ እግር ቀይ ሥጋ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ስቡን፣ ነጩን ስስ ሽፋንና ጅማቱን አንድ በአንድ ያወጣል። ጅማቱ ጎላ ጎላ ብሎ የሚገባበት ሌላ ዓይነት ድብልብል አለ፤ እሱ ሻከር ያለ፣ ሲያኝኩት የሚንኮሻኮሽ ነው፤ ወዳጅም አያጣም። ልስልሱን ለመሥራት ግን አንድ ክር ቢቀር በኋላ ጥርስ ያገኘዋል። የጸዳው ሥጋ በወፍራም የእንጨት መክተፊያ ላይ ይቀመጥና ሁለት የብረት ዱላዎች ይነሳሉ። እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። መያዣው ክብ ነው፤ የሚመታው ክፍል ግን ማዕዘን አለው። ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሳል፤ ግራው ሲወርድ ቀኙ ይነሳል። እንዲህ እየተፈራረቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘልቃሉ።

ጥሩ መቺ ዱላውን በጉልበት አያወርደውም። ብረቱ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ የእጁ ሥራ ማንሳትና አቅጣጫ ማስያዝ ነው። ጀማሪ በትከሻው ይመታና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዝላል። የለመደው ክርኑን ላላ አድርጎ፣ ወገቡን አጽንቶ፣ ከሥጋው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየተጓዘ ይመታል፤ ጫፍ ሲደርስ አጥፎት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሥጋው በየደረጃው ሲለወጥ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። መጀመሪያ ቁራጮቹ ከምቱ እየሸሹ ይንሸራተታሉ። ቀጥሎ ይጨፈለቁና ውስጣቸው ያሉት ክሮች ተበትነው ይወጣሉ። ከዚያ ክሮቹም ይጠፋሉ፤ ቀይ የነበረው ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ላዩ ያበራል። ድምፁም አብሮ ይለወጣል፤ ደረቅ የነበረው «ዱብ ዱብ» እርጥብ «ጧ ጧ» ይሆናል። በመጨረሻ ብረቱ ሲነሳ ሥጋው ተጣብቆበት አብሮ ይነሳል። መምታቱ የሚቆመው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ በሹል ቢላ ከትፎ መገላገል ለምን አይቻልም? ክትፎ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ለየብቻዋ እንድትቀርና ቅቤው በመሃላቸው እንዲገባ ይፈልጋል። ቢላ ክሩን ያሳጥረዋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ንጹሕ ስለሆነም ቅንጣቶቹ አይያያዙም። ብረት ግን ክሩን ይጨፈልቀዋል፤ እሽጉን ይፈታዋል፤ በውስጡ ያለውን ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ለጨው ያጋልጠዋል። ማዮሲን በንጹሕ ውሃ አይሟሟም፤ በጨው ውሃ ግን ይሟሟና የሚያጣብቅ ይሆናል። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሠራል፤ ውሃውንም ስቡንም በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ጥርስን የሚገታው ያ መረብ ነው። ስታርቹ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም፤ በስታርች ብዛት ብቻ የቆመ ድብልብል ሲነከስ ሊጥ ሊጥ ይላል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። መምታትም መፍጨትም ሥጋን ያሞቃል። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከወጣ ፕሮቲኑ የመያዝ አቅሙን ማጣት ይጀምራል፤ በሥጋው ውስጥ የቀረ ስብ ካለም ይለሰልስና ይለያል፤ ያ ሥጋ ሲበስል ፍርፍር ይላል፣ ውሃውንም ይተፋል። ከታረደ ብዙ ያልቆየና ገና ያልደረቀ ሥጋ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ ጡንቻው ሳይገተር በፊት ፕሮቲኑ በጨው በቀላሉ ይሟሟል፣ ውሃም አብዝቶ ይይዛል። የቻውሻን ሰዎች የእርዱን ሰዓት የሚጠይቁት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በዚህ ረገድ ሌሊት ታርዶ ጠዋት ሥጋ ቤት ተሰቅሎ የሚገኝበት የእኛ ልማድ ለድብልብል ሠሪ ሀብት ነው። በሌላው ዓለም ብዙ ሰው በማቀዝቀዣ ቀናት ያሳለፈ ሥጋ ይዞ የሚታገልበትን ነገር፣ እዚህ በጠዋት የተነሳ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «የምግብ አምላክ» በተባለው የስቲቨን ቻው የሆንግ ኮንግ ፊልም ድብልብሉ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ሆኖ ሲመታ ይታያል። ፊልሙ ያስቃል፤ ድብልብሉንም ከምግብ ወዳጆች ክበብ ውጭ ለሆነ ሰው አስተዋውቋል። ነገር ግን መንጠሩን ብቸኛ መለኪያ ማድረጉ ለሙያው አልጠቀመውም። መንጠር በአቋራጭ ይገኛል። በኢንዶኔዥያ ቦራክስ የተባለው ኬሚካል በምግብ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ተቆጣጣሪዎች በገበያ የሚሸጥ ድብልብል ሲመረምሩ ደጋግመው አግኝተውታል። እንዲህ ያለው ድብልብል ወለል ላይ ቢጣል ይነጥራል፤ አፍ ውስጥም መንጠሩን አይተውም፣ እንደ ላስቲክ ሲታኘክ ይቆያል። በዱላ የተመታው ግን እስከ አንድ ልክ ይቋቋምና ይሸነፋል። ከመንጠሩ ይልቅ መሸነፉ ነው የባለሙያውን እጅ የሚያሳየው፤ ይህን የምለው አጥብቄ ነው።

በቤት ውስጥ የብረት ዱላ ባይኖርም ሙቀጫና ዘነዘና አለ። ከእንጨት የተሠራ፣ ቡና ወይም በርበሬ ያልተወቀጠበት ሙቀጫ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ይበቃል። ከመወቀጡ በፊት ሙቀጫው በበረዶ ውሃ ተለቅልቆ ይቀዝቅዝ። ሥጋው በስሱ ይቆረጥና ጥቂት በጥቂት ይወቀጥ፤ ሁሉን በአንዴ ከጨመሩት ዘነዘናው ሥጋውን ወደ ዳር እየገፋ ይውላል። ጉልበት ለሌለው ወይም ለቸኮለ ፉድ ፕሮሰሰርም ይሠራል። ሥጋው ተቆራርጦ ጠርዙ እስኪጠነክር ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፤ ሲፈጭም በየመሃሉ እየቆመ፣ ሳህኑ ሞቅ ሲል ወደ ፍሪጅ እየተመለሰ ይሁን። ማሽኑ ግን ይቆርጣል እንጂ አይመታም። ስለዚህ የጎደለውን እጅ ይጨምርበታል፤ የተፈጨው ሥጋ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በመዳፍ እየተዛቀ፣ ከሳህኑ ግድግዳ ጋር በኃይል እየተላተመ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተማሰለ ይታሻል።

ለ500 ግራም ንጹሕ ቀይ ሥጋ 8 ግራም ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ 100 ግራም የተፈጨ በረዶ፣ 40 ግራም የካሳቫ ወይም የድንች ስታርች፣ ትንሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬና ቁንጥር ስኳር ይበቃል። የዓሣ ሶስ ካልተገኘ ጨውን ወደ 10 ግራም ከፍ ማድረግ ነው፤ ጠረኑ ቢቀንስም ሥራው አይበላሽም። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም። ጨው ከሁሉ በፊት ከሥጋው ጋር ይገባል፤ በረዶው በሦስትና በአራት ጊዜ ይከተላል፤ ስታርቹ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስታርች ቀድሞ ከገባ ለፕሮቲኑ የታሰበውን ውሃ ይሻማል፤ ሥጋውም ሳይያያዝ የተያያዘ ይመስላል። መድረሱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ከሥጋው እፍኝ ይያዝና መዳፍ ወደ ታች ይገለበጥ፤ ተጣብቆ ከቀረ ደርሷል፣ ከወደቀ መታሸት ይቀረዋል። ከዚያ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሰዓት ያህል ይረፍ።

አሁን እኔ ወደምወደው ክፍል ደርሰናል፤ ድብልብሉን ወደ ማውጣቱ። ብዙ ሰው ሥጋውን በሁለት መዳፍ መሃል እያዞረ ያድበለብላል። እንዲህ ሲደረግ ሥጋው ይታጠፋል፤ በእጥፋቶቹ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ሲበስልም ላዩ ይሰነጠቃል። የቻውሻን እጅ አያዞርም። ግራ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይነካና ከሥጋው አንድ ጭብጥ ይይዛል። ጣቶቹ ከትንሿ ጣት ይጀምሩና ተራ በተራ ወደ ላይ ይጠበባሉ፤ ሥጋው መሄጃ ሲያጣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት በተሠራችው ቀለበት በኩል ይወጣል። መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ፣ የሚያበራ ጉብታ ነው። ጉብታው ሲያድግ ገጹ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጠራል፤ ስለዚህም ያለ አንዳች ስንጥቅ ይለሰልሳል። ክቡን የሠራችው ቀለበቷ ናት፤ ልስላሴውን ያመጣው ደግሞ ከሥር ያለው ግፊት ነው።

መጠኑ ሲደርስ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቀለበቷን ይዘጋል። በዚያው ቅጽበት በቀኝ እጅ ያለው እርጥብ ማንኪያ ከሥር ገብቶ ድብልብሉን ያነሳል፣ ወደ ውሃው ያንሸራትተዋል። አውራ ጣቱ ከዘገየ ድብልብሉ ጭራ ያበቅላል፤ ከቸኮለ ግማሹ እጅ ላይ ይቀራል። ማንኪያው ከደረቀ ሥጋው ይይዘዋል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ያልቃል፤ በቻውሻን ሱቆች የሚሠሩ ሰዎች እየተነጋገሩ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያለ ይሠሩታል፤ ድብልብሎቹም በመጠን አይለያዩም። እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። በቤት የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ሳህን ላይ ሳይሆን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ላይ መሻሻሉን ያያል፤ ጭራ ያለውም ቢሆን ጣዕሙ አይጎድልም።

ድብልብሉ የሚጣልበት ውሃ መፍላት የለበትም። 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ እንፋሎት የሚነሳበት፣ ድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ የሚታይበት፣ ላዩ ግን የማይንቀሳቀስ ውሃ ነው። በዚህ ሙቀት ፕሮቲኑ ቀስ ብሎ ይያያዛል፤ መረቡም እኩል ይሠራል። የሚፈላ ውሃ ላዩን በአንዴ ያጠነክረዋል፤ ውስጡ በኋላ ሲያብጥ ላዩን ይሰነጥቀዋል፤ ያ ሁሉ የተደከመበት ጭማቂም ወደ ድስቱ ይሄዳል። ሁሉም ከገቡ በኋላ እሳቱ ትንሽ ከፍ ይደረግና ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ። ድብልብሎቹ መጀመሪያ ሥር ይተኛሉ፣ ቆይተው ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ከተነሱ በኋላም ጥቂት ደቂቃዎች ይጨመሩላቸዋል። የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃላቸው 71 ዲግሪ መድረሱን ይመልከት። ሲወጡ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባሉ፤ ያ ድንገተኛ ቅዝቃዜ መብሰሉን ያቆመዋል፣ ሥጋውንም ያጠነክረዋል።

ስለ መረቁ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አጥንትና ቅልጥም በቀስታ ተቀቅሎ፣ አረፋው ተለቅሞ፣ ድብልብሎቹ የበሰሉበት ውሃ ተጠልሎ ይጨመርበታል። በቻውሻን ከዚህ ጋር የሚቀርበው ኩዌይ ቲያው የተባለው ነጭና ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድልስ ነው። ደረቁን የገዛ ሰው እስኪለሰልስ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፈውና በሌላ ድስት በፈላ ውሃ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነክሮ ያውጣው። የስንዴ ኑድልስም ይሆናል። በየሱቁ «ኢንዶሚ» እያልን የምንገዛውም ያለ ቅመም ፓኬቱ ያገለግላል። ብቻ ኑድልሱ መረቁ ውስጥ አይቀቀል፤ ስታርቹ ጥርት ያለውን መረቅ ያደፈርሰዋል።

ኑድልሱ ከቦታ ቦታ ሲለዋወጥ ድብልብሉ ግን ሩቅ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1860 የሻንቶው ወደብ ለውጭ ንግድ ከተከፈተ በኋላ እጅግ ብዙ የቻውሻን ሰው ወደ ሲያም፣ ወደ ደቡብ ቬትናምና ወደ ማላይ ምድር ተሰድዷል። ባንኮክ ውስጥ «ሉክ ቺን» በሚል ስም፣ ሳይጎን ውስጥ ደግሞ «ቦ ቪየን» ተብሎ ከሩዝ ኑድልስ ጋር ይቀርባል። በኢንዶኔዥያ ከሌላው የደቡብ ቻይና ሕዝብ፣ ከሆክየኖች ቋንቋ ስሙን የወሰደው «ባክሶ» ቢጫ የስንዴ ኑድልስና ነጭ ቀጭን የሩዝ ኑድልስ በአንድ ሳህን አጣምሮ ይይዛል። የልጅነታቸውን ጥቂት ዓመታት በጃካርታ ያሳለፉት ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር የባክሶ ሻጮችን የመንገድ ጥሪ አስታውሰው አዳራሹን አስደስተውታል። ከኢንዶኔዥያ ልማዶች እኔን የሚማርከኝ ግን የገበያው ወፍጮ ነው። የቤት እመቤቶች ሥጋቸውን ገዝተው በገበያው ውስጥ ወዳለው የባክሶ ወፍጮ ይወስዳሉ፤ በረዶውና የካሳቫ ስታርቹ እዚያው ይጨመርና ተፈጭቶ ይሰጣቸዋል፤ ቤት ሲደርሱ የሚቀራቸው በእጅ ማውጣቱ ነው። ከባዱን ጉልበት ለማሽን ትተው፣ እጅ የሚጠይቀውን ለራሳቸው አስቀርተዋል፤ ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል አላውቅም።

ሳህኑ ሲሰናዳ ኑድልሱ ሥር ይሆናል፤ ድብልብሎቹ መረቁ ውስጥ ሞቀው ይቀመጡበታል፤ ትኩስ መረቅ ይፈስስበታል። በላዩ በደቃቁ የተከተፈ ሴለሪና አንድ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ይጨመራል። ለዘይቱ ነጭ ሽንኩርቱ በቀዝቃዛ ዘይት ይጀመርና ገና ፈዛዛ ወርቃማ ሳለ ከእሳት ይነሳል፤ ከወጣ በኋላ በራሱ ሙቀት ስለሚቀላ እሳት ላይ ቀልቶ ከታየ አልፎበታል ማለት ነው። ቻውሻኖች ሻቻ የተባለውን ከደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦቾሎኒና ከዘይት የሚሠራ ሶስ በትንሽ ሳህን ለብቻው ያቀርባሉ፤ እሱም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከተመለሱ ስደተኞች ጋር የመጣ የሳታይ ዘመድ ነው። ሻቻን መረቁ ውስጥ መበጥበጥ አልደግፍም። የመጀመሪያው ድብልብል ያለ ምንም ማጥቀሻ ይበላ፤ ሶሱ ከሁለተኛው ይጀምር። የተረፈው ደግሞ ከነመረቁ ሳይሆን ለብቻው ተከድኖ ፍሪጅ ይግባ። ቀን ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅም በዝግታ በመረቅ ውስጥ እንጂ በፈላ ውሃ አይሁን።